ወደብ ደርሼ መጣሁ፣ እትዬ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ዓይንሽስ እንዴት ሆነ? የሸፈኑልሽን ጨርቅ አነሱልሽ ወይስ አሁንም እንደ ተኳሽ በአንድ ዓይንሽ እያነጣጠርሽ ነው የምትውይው? ልጅሽ ለወንዱ ልጄ ደውላ እንደነገረችው ሐኪሙ ማንበብ ፈቅዶልሻል፤ ግን በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ብሏል አሉ። እንግዲህ የዛሬዋን ሰዓት ሙሉ በሙሉ እኔ ልወስድብሽ ነው። ፊደሌን እንዲህ የፈረስ ጥርስ ያህል ያገዘፍኩትም ለዚሁ ብዬ ነው፤ ሽማግሌው ጃጀ ብለሽ እንዳትስቂብኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል እንጂ ሌላ የሚከሰኝ አካል የለኝም። ወንዱ ልጄም፣ ምራቴም፣ ልጆቹም ደህና ናቸው። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የሚቆጣን ሰው አጥተን ሁላችንም ባለጌ ሆነናል። ጫማ በር ላይ አይወልቅም። ራዲዮኑ ማንም ሳይሰማው ቀኑን ሙሉ ያወራል። ቶሎ ዳኚና ነይ።

ሁለት ወር ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍልሽ መቅረቴን እንደታዘብሽኝ አውቃለሁ። ግን ይህን መኸር እንዴት አድርጌ ላጫውትሽ! አንቺን ሸኝተን በተመለስን ማግስት ቤታችን ቤትነቱ ቀርቶ መናኸሪያ ሆነ።

መጀመሪያ የመጣው የትምህርት ቤት መከፈቻ ነው። አንቺ በየዓመቱ ስለምታይው ብዙ አልልም። የሰፈሩ እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ፀጉር ቤቴን ወረሩት። በስድስት ቀን ውስጥ ስንት ጭንቅላት እንዳገላበጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ቶንዶሱ ግሎ እንደ ካውያ ይፋጅ ነበር። እናት ዝቅ ይበል ትላለች፣ ልጅ ከፍ ይበል ይላል፣ እኔ መሃል ላይ እንደ ዳኛ ቆሜ አስታርቃለሁ። ትልቋ የልጅ ልጄም ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገባች። የመጀመሪያ ቀን ስንሸኛት የማልቀስ ተራው የእሷ መስሎን መሐረብ ይዘን ነበር፤ ያለቀሰው አባቷ ነው። አንድ ሜትር ከሰማንያ የሚሆን የቧንቧ ሠራተኛ በትምህርት ቤት በር ላይ ሲነፋረቅ ማየት ትንሽ ያሳፍራል፣ እትዬ። ልጅቷ ራሷ ዞር ብላ «አባዬ፣ ሰው ያየናል» አለችው።

ከዚያ ጣሪያው መጣ። የጓሮው ዛፍ ቅጠሉን ማራገፍ ሲጀምር አሸንዳው ተደፈነና ውሃው በምራቴ ልብስ ሳጥን ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ወንዱ ልጄ የከተማውን ሰው ቧንቧ ሲጠግን ይውላል፣ የራሱ ቤት ያፈሳል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተነሣሣንና እሱ ጣሪያ ላይ ወጣ፣ እኔ መሰላል ያዝኩ። ምራቴ ያንን ሆዷን ይዛ መስኮት ላይ ተደግፋ እንደ ጄኔራል ታዘናለች፤ ያንን ቆርቆሮ አንሣ፣ ያንን ምስማር አቀብል። እኩለ ቀን ገደማ ድንገት ዝም አለችና «በሉ አሁን ውረዱ» አለች። ልጄ ከላይ ሆኖ ሁለት ቆርቆሮ ይቀረኛል ብሎ መለሰላት። እሷም «ቆርቆሮህ ይቆይሃል፣ ይህቺ ግን አትቆይም» አለችው። እንዴት ከጣሪያ እንደወረደ አላየሁም፤ በመሰላሉ እንዳልወረደ ግን እርግጠኛ ነኝ፣ መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩና።

ሴት ልጅ ናት። ባለ ብዙ ፀጉር ናት። በአርባ ዓመት ሙያዬ እንዲህ ያለ ፀጉር ይዞ የተወለደ ሰው አይቼ አላውቅም። ግንባሯ ቁርጥ ያንቺ ነው፤ ሳይገባት ከአሁኑ ትኮሳተራለች።

እንዲህ ባለው ትርምስ መሃል ነው የፖስታ ቤት ባልደረባሽ፣ ፖስተኛው፣ ፀጉር ቤት ድረስ መጥቶ ፖስታ በእጄ ያኖረልኝ። ከሴቷ ልጄ ነበር።

እትዬ፣ አንቺ ነገሩን ከእኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ። ግን አንድ ቀን እንኳ በራሴ አፍ ተናግሬው ስለማላውቅ አሁን ልናገረው። ከአምስት ዓመት በፊት ልጄ እዚሁ ትምህርት ቤት ለምነን ያገኘንላትን የጸሐፊነት ሥራ ትታ ወደብ ሄጄ የክሬን ነጂነት ሥልጠና እገባለሁ አለችኝ። የነገረችኝ ፀጉር ቤት ውስጥ ነው፤ ደንበኞች ተደርድረዋል፣ እኔ የአንዱን ሰውዬ ጺም ግማሹን ላጭቼ ግማሹን አረፋ ውስጥ ትቼዋለሁ። ሴት ልጅ ብረት ላይ ተንጠልጥላ ምን ልትሆን ነው አልኩ። እናቷ ብትኖር ምን ትል ነበር አልኩ። እሷ ግን መሄዴ ነው አለች። ያን ጊዜ ነው ሰው ሁሉ እየሰማ «እንግዲያ ድምፅሽን በስልክ ብሰማ ይህ እጄ መቀስ አይጨብጥ!» ብዬ የማልኩት።

እግር ሲዳጥ በቅቤ ይታሻል፣ አፍ ሲዳጥ በምን ይታሻል? ከዚያ ወዲህ ለወንድሟ በደወለች ቁጥር እኔ ተነሥቼ ጓሮ እወጣለሁ። ጓሮ የማየው ነገር ኖሮ አይደለም። የዛፉን ቅርንጫፎች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። አንዳንድ ቀን ስልኩ ተዘግቶ እንኳ እዚያው እቆይ ነበር፤ ምን ተባለ ብዬ እንዳልጠይቅ።

ፖስታው ውስጥ የባቡር ትኬትና አጭር ወረቀት ነበር። «አባባ፣ ወንድሜ ደህና ነው ይለኛል። ደህና ከሆንክ ታዲያ ለምን ሦስት ወር ሙሉ ዝም አልከኝ? እጅህን አሞህ ነው? ትኬቱን ልኬልሃለሁ። ካልመጣህ እኔ ሥራዬን ጥዬ እመጣለሁ» ይላል።

ሦስት ወር! አምስት ዓመት ዝም ብዬ ኖሬ ሦስት ወር ትለኛለች! ልጅቷ ከፍታ ላይ ስትውል ሒሳቡ ጠፋባት እንዴ ብዬ ለወንዱ ልጄ ወረቀቱን አሳየሁት። እሱ ማንበብ ሲጀምር ሳል ያዘው። ሲያነብ ሳለ፣ ሲጨርስም ሳለ። ምን ማለቷ ነው ብለው «ሂድ አባባ፣ ሂድና እይ» ብቻ አለኝ። እኔም ለራሴ የማልኩት በስልክ ነው፣ በአካል ብሰማት መሐላው አይነካኝም አልኩ። ሰው መሄድ ሲፈልግ ሕግ አዋቂ ይሆናል።

የሙያ ዕቃዬን በትንሿ ቦርሳ ያዝኩ። መቀስ፣ ምላጭ፣ ማበጠሪያ፣ ብሩሽ፣ ነጭ ጨርቅ። ምራቴ ለዕረፍት እየሄዱ ምን ያደርግልዎታል አለችኝ። እኔ ግን ባዶ እጄን ቤት መግባት አልችልም፤ በተለይ እዚያ ቤት።

ባቡሩ አንድ ቀን ከግማሽ ይፈጃል። መንገድ ላይ አዝኜ ልሄድ አስቤ ነበር፤ አልተሳካልኝም። ትኬት ተቆጣጣሪው ወረቀቴን ሊያይ ሲያጎነብስ የግራ ሪዙ ከቀኙ እንደሚረዝም አየሁ። አይቼ መተው አልችልም፣ ታውቂኛለሽ። ባቡሩ አንድ ጣቢያ ላይ ግማሽ ሰዓት ሲቆም አስቀምጬ አስተካከልኩለት። ከዚያ ወዲያ ሳልጠይቅ ሻይ ይመጣልኝ ጀመር። አጠገቤ የተቀመጠች ወይዘሮ ባለሥልጣን መሰልኳትና የልጇን የሥራ ጉዳይ ልታማክረኝ ሞከረች።

ስደርስ ከቀትር በኋላ ነው። ልጄን ከሕዝቡ መሃል መለየት አቃተኝ። እኔ የምፈልገው ያቺን ቀጭን ልጅ ነበር። አንዲት ትከሻዋ የሰፋ፣ ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰች ሴት መጥታ ፊቴ ቆመች። አምስት ዓመት ያጠራቀምኩት ንግግር ነበረኝ። ባቡር ላይም ደጋግሜ አጥንቼዋለሁ። ከአፌ የወጣው ግን «ፀጉርሽን ማነው እንዲህ ያበላሸው?» የሚል ነው። ራሷ በወጥ ቤት መቀስ እንደቆረጠችው ነገረችኝና ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ቦርሳዬን ነጥቃኝ ፊቷን ሳላይ ወደፊት ቀደመችኝ። እኔ ከኋላዋ እየሮጥኩ ጉልበቴን ረሳሁት።

ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አንድ መኝታ ክፍልና አንዲት ጠባብ ወጥ ቤት። ንጹሕ ነው። የሥራ ጫማዋ በር ሥር ጋዜጣ ላይ ተቀምጧል፤ አንቺ እንዳሳደግሻት። የእናቷ ፎቶግራፍ ከአልጋዋ ራስጌ ተሰቅሏል። በወጥ ቤቱ መስኮት ባሕሩ ይታያል። ባሕር ትልቅ ነው ሲሉ እሰማ ነበር፤ ግን ማንም ይህን ያህል ዝም የሚል ነገር ነው ብሎ አልነገረኝም። አልጋዋን ለእኔ ለቃ እሷ መሬት ላይ ፍራሽ ዘረጋች። የለም አልኩ፤ በዚህ ቤት አዛዧ እኔ ነኝ አለችኝ። እውነቷን ነው።

በማግስቱ ሥራ ቦታዋ ወሰደችኝ። አለቃዋ መላጣ፣ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው፤ ሠራተኞቹ «ጨረቃ» ይሉታል፣ እሱም ይወደዋል። የራስ ቁር አጥልቆልኝ ከአንድ ቢጫ መስመር ጀርባ አቆመኝ። ልጄ በአሳንሰር ወጣች፣ ከዚያ በመሰላል ወጣች፣ ከዚያ ጠፋች። አሥራ ሁለት ፎቅ ቤት ያህል ይሆናል፣ እትዬ። ያቺ የተቀመጠችባት የመስታወት ክፍል ከታች ሲያዩዋት የክብሪት ቀፎ ታክላለች። «ላም አለኝ በሰማይ» ሲባል ስሰማ የኖርኩ ሰው ልጅ አለኝ በሰማይ ልል ሆነ።

አንገቴን ሰብሬ ሳይ ጨረቃ የመነጋገሪያ ሬዲዮውን እጄ ላይ አኖረልኝ። ድንገት ከእጄ ውስጥ ድምፅዋ ወጣ። «አባባ፣ ቀና በል። ያ ቀዩ ላንተ ነው።» ደነገጥኩ። ስልክ ነው ብዬ ልጥለው ነበር። ከዚያ ሬዲዮ ስልክ አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁና በሁለት እጄ ያዝኩት። ቤታችንን የሚያህል ቀይ ኮንቴይነር ከመርከቧ ላይ ተነሣ። በአየር ላይ ሄደ። ሲሄድ አልተወዛወዘም። መኪናው ላይ ስታስቀምጠው ድምፅ እንኳ አላሰማም፤ እንቁላል የምታስቀምጥ ነው የሚመስለው። የመኪናው ሹፌር ወደ ላይ እጁን አነሣላት። እኔም አነሣሁ። ልመልስላት ፈልጌ ነበር፤ የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫኑ ግን አላወቅሁም። ጨረቃ ሊያሳየኝ ሲል ተወው አልኩት። እጄን ብቻ እንደገና አነሣሁላት።

እሑድ ዕለት ከሥራ ባልደረቦቿ አንዱ ጠዋት በር አንኳኳ። አባትሽ ዕቃቸውን ይዘው መጥተዋል የሚባለው እውነት ነው ወይ ብሎ ነው። እሷ እኔን አየችኝ። ዕድሜ ለቦርሳዬ! የሕንጻው ግቢ ውስጥ ወንበር አወጣን፤ አንዱ መስታወት ይዞ መጣ። ብየዳ ሠራተኛ፣ ገመድ ጠጋኝ፣ የመኪና ሹፌር፣ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ፣ ሁሉም ተሰለፉ። ልጄ ሙቅ ውሃ ታመላልሳለች። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ልነግርሽ አልችልም። በዚያ ሁሉ መርከብና ብረት መሃል ለካ እኔም የምሆነው ነገር አለ።

ጨረቃም ተራ ይዞ ተቀመጠ። ምንህን ልቁረጥልህ ብለው አንገቴን ከኋላ ላጭልኝ፣ እንደ ሰው መስታወት ማየት አማረኝ አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አረፋ ቀብቼ ምላጩን ማጅራቱ ላይ እንዳሳረፍኩ እንዲህ አለኝ። «አባባ፣ ያ የጻፉላት ነገር እኮ ወደ ክሬኑ መውጫው በር ላይ በቀለም ተጽፏል። ከፍ ብሎ የሚሠራ ሰው ታች ያለውን ጉንዳን አድርጎ እንዳያይ ይጠንቀቅ የሚለው። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ እሱን ነው የማስነብበው።»

ምላጩ ቆመ። ገመድ ጠጋኙ ከተራው ሆኖ ተቀበለ። «እኔን ያስለቀሰኝ ግን ፈርተሽ ብትወርጂ አላፍርብሽም ያሏት ነው» አለ። ለካ ልጄ ደብዳቤ በመጣላት ቁጥር በምሳ ሰዓት ታነብላቸዋለች። የመዝገብ ቤቷ ጸሐፊ ደግሞ ይህን ሦስት ወር ደብዳቤ ስለቀረ ሁላችንም ተጨንቀን ነበር አለችኝ።

ምን ልበል? ምላጭ በሰው ማጅራት ላይ ይዤ ሙሉ ግቢ ሰው እያየኝ ምን ልበል? ቀና ስል ልጄ ባልዲ ይዛ ቆማለች። ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነው። «አዎ» አልኩ፣ «ያንን የጻፍኩት ቀን ብርድ ይዞኝ ነበር፤ ብርድ ሲይዘኝ ጥሩ እጽፋለሁ።» ሳቁ። እኔም መላጨቴን ቀጠልኩ። የጨረቃን ማጅራት አንዲት ጠብታ ደም ሳላወጣ መጨረሴን እስከ ዛሬ አላምንም።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ከመሄዷ በፊት ደብዳቤዎቹን ላያቸው እችላለሁ ወይ አልኳት። አርጅቻለሁ፣ የጻፍኩትን እረሳለሁ አልኩ። ብዙ አየችኝ። ከዚያ ከቁም ሣጥኗ ውስጥ የብስኩት ጣሳ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝና ሄደች።

ሃምሳ ሁለት ናቸው። በቀን በቀናቸው ተደርድረዋል። ወጥ ቤቱ መስኮት ሥር መነጽሬን አድርጌ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። «ድምፅሽን በስልክ አልሰማም ብዬ ምያለሁ፤ መሐላዬን አልሰብርም። ግን የማልኩት በመቀስ ነው እንጂ በብዕር አይደለም» ይላል። መልሷን በአክስቷ የፖስታ ሳጥን ቁጥር እንድትልክም ያዛታል፤ ፀጉር ቤት የመጣ ወረቀት ሁሉ ምላጭ ይጠረግበታል ብሎ። ይህስ ሐሰት አይደለም።

ፊደሉ የእኔን ፊደል ይመስላል። ባይመስል ነበር የሚገርመኝ። ለእኔ ፊደል ያስቆጠረችኝ ታላቅ እህቴ ናት፤ «ሀ» ብዬ የጻፍኩት እጄን በእጇ ይዛው ነው። ግን እኔ ስጽፍ ቸኩዬ ነጥብ እዘላለሁ፣ ጠርዝ ላይ ቃል እሰብራለሁ። በእነዚህ ደብዳቤዎች ውስጥ አንዲት አራት ነጥብ አልጎደለችም። መስመሩ ሁሉ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ሠላሳ ዓመት የአደራ ደብዳቤ ሲመዘግብ የኖረ ሰው ነው እንዲህ የሚጽፈው።

መጀመሪያ ተናደድኩ፣ አልዋሽሽም። ተነሥቼ በዚያች ወጥ ቤት ውስጥ ሁለት እርምጃ ወዲህ፣ ሁለት እርምጃ ወዲያ ተንጎራደድኩ። ሰው እንዴት በሰው ስም አባት ይሆናል አልኩ። ከዚያ ደግሞ ቀናሁ። ያ ደብዳቤ ጸሐፊ ሰውዬ ከእኔ በጣም ይሻላል፣ እትዬ። ያስቃል። ይመክራል እንጂ አይጮህም። ስለ እናቷ ያወራል፤ እኔ ስሟን ካነሣሁ ስንት ዓመቴ! እናቷ በመጀመሪያ እርግዝናዋ ሌሊት ሌሊት ፖም እያማራት እኔ የሰው አጥር ዘልዬ መያዜን ሁሉ ጽፎላታል። ልጄ ይህን ከእኔ አፍ ልትሰማው ይገባት ነበር።

አሥራ ሰባተኛውን ስከፍት ግን ቁጣውም ቅናቱም ወጣልኝ። እንዲህ ይላል፤ «የሄድሽ ቀን መናኸሪያ ነበርኩ። ነጩን የሥራ ካፖርቴን ሳላወልቅ ከጋዜጣ መሸጫው ጀርባ ቆሜ አውቶቡስሽ ጥጉን እስኪዞር አይቻለሁ። ከሄደም በኋላ ብዙ ቆምኩ። ሰው እንዳያውቀኝ ጋዜጣ ገዝቼ ገልብጬ ይዤው ነበር።»

እትዬ፣ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለወንዱ ልጄ አልነገርኩም። ላንቺም አልነገርኩሽም። ጋዜጣውን መገልበጤን ደግሞ እኔ ራሴ አላውቅም ነበር። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ካነበብኩ በኋላ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ፤ የፖስታ ቤታችን የአደራ ክፍል መስኮት ፊት ለፊት መናኸሪያውን ያያል።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ ነቅዞ ነበር፤ ሌላ ሰው ነው ከሥር ከሥሩ ሲለቅምልኝ የኖረው። መነጽሬን አውልቄ እንደ ልጅ አለቀስኩ። በትምህርት ቤት በር ላይ ያለቀሰውን ልጄን ስታዘበው ነበር፤ ከማን እንደወረሰው አሁን ገባኝ።

ከሥራ ስትመለስ ጣሳውን ዘግቼ ጠብቄያታለሁ። ጥሩ ደብዳቤዎች ናቸው አልኳት። «አዎ» አለችኝ፣ «የሚወደኝ ሰው ነው የጻፋቸው።» ከዚያ በላይ እሷም አልተናገረች፣ እኔም አልጠየቅሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ግን አንድ ነገር በራሴ አፍ ልንገርሽ ብዬ ስለ መሐላው ይቅርታ ጠየቅኋት። ያን ቀን ያናደደኝ ሥራው ሳይሆን ቤቱ ያለ እሷ ባዶ መሆኑ እንደሆነ ነገርኳት። ቃሉ አልተስተካከለልኝም፤ ደብዳቤ ጸሐፊው ቢሆን አሳምሮ ይለው ነበር። እሷ ግን የጠረጴዛውን ወንበር ስባ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠችና «በል ይህን ጭንቅላቴን አስተካክልልኝ» አለችኝ።

ፀጉሯን ለመጨረሻ ጊዜ የነካሁት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ከማጅራቷ ላይ ያቺ ጠመዝማዛ የፀጉር ዘለላ አሁንም አለች፤ የትም አልሄደችም። ሁለት ሰዓት ፈጀሁባት። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር፤ እሷም አልቸኮለችም፣ እኔም አልቸኮልኩም። ያንን የፖም ነገር እንደገና ከእኔ አፍ ንገረኝ አለች። ነገርኳት። ደብዳቤው ላይ ያልተጻፈውን፣ ባለቤቱ ሲይዘኝ ፖሙን ትቶልኝ ሱሪዬን ያስቀረብኝንም ጨመርኩላት። ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን።

የተመለስኩ ዕለት ጨረቃም፣ ገመድ ጠጋኙም፣ ጸሐፊዋም ጣቢያ ድረስ መጥተው ሸኙኝ። ልጄ ለእኔ የአንገት ልብስ ገዝታልኛለች፣ ለአራሷ ብርድ ልብስ፣ ለትልቋ የልጅ ልጄ ደብተር። ላንቺ ደግሞ ብዕር ልካለች፤ ባለ ቀለም፣ ከነሳጥኑ። ለአክስቴ ስጥልኝ፣ የድሮዋ ሳታልቅባት አትቀርም አለችኝ። ከሻንጣዬ ውስጥ በደንብ ጠቅልዬ አስቀምጬልሻለሁ። ባቡሩ ሊነሣ ሲል በመስኮቱ ዘልላ ሳመችኝና ጆሮዬ ላይ «የሚቀጥለውን ራስህ ጻፈው፣ አባባ። ቢያጥርም ግድ የለኝም» አለችኝ። ምን ማለትሽ ነው ልል አፌን ስከፍት ባቡሩ ሄደ። ጥሩ ሆነ፤ ጥያቄው ውሸት ይሆን ነበር።

ቤት ከገባሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ባለፈው ረቡዕ ስልክ ስትደውል ጓሮ አልወጣሁም። ወንዱ ልጄ ስልኩን ሲዘረጋልኝ ተቀበልኩት። በበነጋው ፀጉር ቤት ስገባ መቀሱን ትንሽ ፈራ ተባ እያልኩ አነሣሁት፤ ተጨበጠልኝ። ፈጣሪም የተቆጣ ሰው የማለውን ሁሉ አይመዘግብም መሰለኝ።

ደብዳቤውንም ጽፌላታለሁ። አራት ቀን ፈጀብኝ፤ የወጣው ግማሽ ገጽ ነው። ምክር የለበትም። ስለ ሕፃኗ ጻፍኩ፣ ጣሪያው ማፍሰስ ስለማቆሙ ጻፍኩ፣ ፀጉሯን ከግራ በኩል እንዳትነካው አስጠነቀቅሁ። ከድሮዎቹ ጋር ሲያነጻጽሩት ያሳፍራል፤ በምሳ ሰዓት ሲነበብ ጨረቃ ሽማግሌው ምን ነካቸው ማለቱ አይቀርም። ግን ትናንት ሄጄ በገዛ እጄ ፖስታ ቤት ሰጠሁት። የአደራ አድርጌ።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። እኔ ሳላውቀው ለእኔ የተጻፉ፣ ባንቺ ሳጥን በኩል የመጡ ሃምሳ የሚሆኑ ደብዳቤዎች በዚህ ዓለም ላይ የሆነ ቦታ ሳይኖሩ አይቀሩም። የት እንዳሉ አልጠይቅም፣ አልፈልግምም። አልቸኩልም። ስትመጪ፣ ሲመችሽ፣ ጠረጴዛው ላይ ታኖሪልኛለሽ። ዓይንሽ እንዳይደክም እኔ እያነበብኩ አንቺ ትሰሚያለሽ። ያልገባኝ ቦታ ሲኖር ደግሞ፣ ለምሳሌ አንድ ጥያቄ የጠየቅኋት እኔ ሆኜ ምን እንደጠየቅሁ ካላስታወስኩ፣ አንቺ ታስታውሺኛለሽ።

ምራቴ እጅ ትነሣለች። ትልቋ የልጅ ልጄ ስሟን መጻፍ ስለቻለች ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፋልሻለች፤ ሁለተኛዋ ፊደል የተገለበጠችው ሆን ብላ ነው ትላለች። ሕፃኗ ያለ አንቺ ክርስትናም ስምም የለም ብለን እየጠበቅንሽ ነው።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። የዓይንሽን ብርሃን አይንሳሽ። ክፉ አይንካሽ፣ ቀንሽ ይባረክ፣ ልጆችሽ ይባረኩ። እጅሽንም ይባርክልኝ፣ እትዬ። በተለይ እጅሽን።

ፊደል ያስቆጠርሽው
ታናሽ ወንድምሽ